ሃያ ሦስት ሁለት ጊዜ

ሰኞ 4

እማዬን ለምርመራ ሆስፒታል አስገብቼ ተመለስኩ። አንድ ቀን ብቻ ነው የምታድረው። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዝ አድርጋ አደራ ያለችኝ ስለ ራሷ አልነበረም። "ሳጥኑን እንዳትነኪው" ነው ያለችው። ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ ሰዓት ጠግኜ ነው የምበላው፣ እሷ ግን አሁንም ስኳር ዕቃ ውስጥ እጇን እንደምትከት ሕፃን ነው የምታየኝ።

ሳጥኑ የአባዬ ሥራ ነው። አባዬ ከሞተ ስምንት ዓመቱ፣ ሱቁን ለእኔ፣ ሳጥኑን ለእማዬ ትቶ። እሷ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው። አምስት ትንንሽ መስኮቶች አሉት፤ ከእያንዳንዱ መስኮት ጀርባ አንድ ጥርሳም መዘውር አለ፣ በየመዘውሩ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ። በየደቂቃው ቀጭ ሲል አምስቱም አንድ አንድ ጥርስ ይሄዳሉ። አምስቱ ነጥቦች በአንድ ደቂቃ አምስቱም መስኮት ላይ ከተገናኙ ከሥር ያለችው በር ለአንድ ደቂቃ ትከፈታለች። እኔም ታላቅ እህቴ እትዬም ስትከፈት አይተን አናውቅም። እንዴት እናያለን? አባዬ ከጀርባው ላይ ቀርጾ ጽፎታል፣ በየ35,192,254 ደቂቃው ነው የምትከፈተው። ስልሳ ሰባት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ድምፁ አላማረኝም። ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያዝ ያደርገዋል። እሷ እያለች ማን ይጠጋዋል? አሥር ሰዓት ላይ አቆምኩት።

ማክሰኞ 5

ጽዳት። ዘይት። አንዷ እንብርት፣ መዘውሩ የሚዞርባት ዘንግ፣ ተሰብራ እጄ ላይ ቀረች። ወደ ሱቅ ሩጫ፣ አዲስ እንብርት ቀርጾ መመለስ። ጥርሶቹንም ቆጠርኳቸው፦ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 46።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ተነሳ። እማዬ ልትመጣ አንድ ሰዓት ሲቀራት። እፎይ።

ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መስኮቶቹን አየች፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ እኔን። እጅሽ ዘይት ዘይት ይላል አለችኝ። ሱቅ ዋልኩ አልኳት። "ዛሬ ስንት ነው?" አለች። አምስት። "ሰዓቱስ?" አንድ ከሩብ።

ነገ እነግራታለሁ። ከሆስፒታል የመጣች ሰው ላይ ወሬ ማዝነብ ምን ይባላል።

ዓርብ 8

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ልብ ሥሎ አሳየኝ። አንዷ መዝጊያ በደንብ አትዘጋም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። በመድኃኒት የትም አይደርስም፣ መከፈት አለበት። በሚቀጥለው ወር ሰኞ 9 አልጋ አለ። ከዚያ በላይ እንዳትቆይ፣ በተቀመጠችበት ልታመልጠን ትችላለች አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ደግሞ የማየው ሥዕሉን ነበር። የጥርሱ ጫፍ የተበላ መዘውር መስሎኝ፣ ይሄማ እኮ ይጠገናል እያልኩ።

እማዬ እምቢ አለች። እንዲሁ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ዳንቴሏን ከኪሮሹ ሳታላቅቅ። ትሄዳለች፣ ግን በዘጠኝ አይደለም። "ከአጋማሹ በኋላ" አለች። ለምን ብላት መልሷ "ዛሬ ስንት ነው?" ሆነ።

ረቡዕ 13

ዝናብ። ደንበኛ የለም። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ የተለያየ ሰዓት ይናገራሉ፣ እኔም መሀላቸው ተቀምጬ ግማሽ ልቤ ተኝቷል።

ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አባዬ ቁጥሩን ይልልኝ ነበር። ሠላሳ አምስት ሚሊዮን፣ አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት። እንደ መንገድ ስም ነበር የሚመስለኝ፤ ሚሊዮኑ ጋ ሰፊ አደባባይ፣ ሺው ጋ ዛፎች፣ ሃምሳ አራት ጋ ስደርስ አንድ የበራ መስኮት። ብዙ ጊዜ ሺው ጋ እተኛለሁ።

መስኮቶቹንም ስም አውጥቼላቸው ነበር። አንደኛዋ ቶሎ ቶሎ ስለምትዞር ቀልባቢት፤ አምስተኛዋ ትልቋ ስለሆነች እመቤት። እመቤት ነጥቧን ስታሳይ ቀልባቢትም ሁልጊዜ አብራ ታሳያለች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። እንዴት ያለች ጨዋ ናት እል ነበር፣ እመቤቷን ብቻዋን አትተውም።

አባዬ ሚስጥሩን ያስረዳኝ በሁለት ጎረቤታሞች ነው። አንዷ በየሦስት ቀኑ ወደ ቧንቧው ትመጣለች፣ ሌላዋ በየአምስት ቀኑ። ዛሬ ከተገናኙ መቼ ይገናኛሉ? በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሦስት ሲባዛ በአምስት። ለዚህ ነው መዘውሮቹን በብቸኛ ቁጥሮች የቀረጽኳቸው ይል ነበር፤ ከአንድና ከራሳቸው በስተቀር ማንም የማያካፍላቸው፣ እርስ በርስ ጉዳይ የሌላቸው። አምስተኛዋን ብቻ ከአሮጌ የአደባባይ ሰዓት ነው የነቀላት፣ ትልቅ ስለሆነች። ቁጥሩን ወደ ሰማይ አደረሰችልኝ እያለ እጁን ያፋትግ ነበር።

ማክሰኞ 19

ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ዛሬ ስንት ነው፣ ዛሬ ስንት ነው። ሦስተኛው ላይ ጮህኩባት። ኪሮሹ ብቻ ሄደ።

ምነው ምላሴ በተቆረጠ።

ቅዳሜ 23

እትዬ ደወለች። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ሩቅ ስለሆነች ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላታል። ጎትተሽ ውሰጃታ አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ቀንሳ፣ ጃጅታ እንዳይሆን አለች። ቀን መጠየቋ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ መዋሏ። እኔም እኮ ያንኑ ሳስብ ነው የሰነበትኩት፣ ከሌላ አፍ ስሰማው ግን ሆድ ባሰኝ። አንቺ ራስሽ ጃጂ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከአፍታ በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

እማዬ ከአልጋዋ እስከ ወንበሯ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

የሳጥኑን ነገር አሁንም አልነገርኳትም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ደግሞ ምን ይባላል? በደንብ ነው የሚሄደው። ማንም ምንም አልተጎዳም።

ሰኞ 2፣ አዲስ ወር

ሱቅ። ቀልቤን የምሰበስብበት ባጣ የአባዬን ቁጥር ማካፈል ጀመርኩ፣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ። መጨረሻው አራት ስለሆነ ለሁለት ይካፈላል። አኃዞቹ ሲደመሩ ሠላሳ አንድ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ለሦስት እምቢ። ለአምስት እምቢ። ለሰባት ሞክሬ ቀሪ ወጣ። ማካፈል ጥሩ ነገር ነው፤ ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም፣ ፊቱን አያጠቁርብሽም።

ሰኞ 9

አልጋው ዛሬ ሌላ ሰው ተኛበት። እማዬ ደህና ናት፣ ሁለት ጊዜ ሳቀች። እኔ ግን እያንዳንዱን ትንፋሿን ስሰማ ዋልኩ።

ሐሙስ 12

ወደቀች። ሳጥኑን ልትሞላ ቁልፉን ይዛ ተነስታ። በየሳምንቱ እሷ ናት የምትሞላው፣ ከሬዲዮውም ጋር ደቂቃውን የምታስተያየው፣ ማንንም አታስጠጋም። ከናፍሯ ሰማያዊ ሆነው ነበር። ሐኪሙ ጋ ተሸክሜ፣ በታክሲ።

የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ 19፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አልጋ አለ። ካልሆነ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሐኪሙ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ ሦስት ሳምንት የለዎትም" አላት። በግልጽ፣ እየራራ።

እሷ ምን አለች? "ዓርብ ይሁን።"

ዓርብ አልጋ የለም እኮ! እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝ፣ ሐሙስን ላሳልፈው አለችኝ። ሐሙስ ምን አለ?

ዓርብ 13

ዝናብ። ማካፈሉ ላይ ነኝ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። መዘውሮቹን ስለማውቃቸው በአሥራ አንድና በመሰሎቹ መድከሙን ትቼ በቀጥታ በእነሱ ገባሁ። ለ23፦ 1,530,098፣ ያለ ቀሪ። ወደ 29 ማለፍ ነበረብኝ። እጄ ግን ድካም ይሁን እንቅልፍ እንጃ፣ ያንኑ 23ን መልሶ ጻፈ። 66,526። ያለ ቀሪ።

ሃያ ሦስት ሁለት ጊዜ ገብቷል። ከየት መጣ ሁለተኛው? ደረሰኙን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ደንበኛ መጣ።

ቅዳሜ 14

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ከእማዬ ክፍል ቀጭ፣ ቀጭ ይሰማል። በግማሽ እንቅልፍ እመቤትንና ቀልባቢትን ቧንቧው ጋ አየኋቸው፣ እንስራ ይዘው። ቀልባቢት በየሃያ ሦስት ቀኗ ትመጣለች። እመቤት በየአርባ ስድስት። አርባ ስድስት እኮ ሃያ ሦስት ሁለት ጊዜ ነው! ጨዋነት ሳይሆን፣ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። አንዷ በየሦስት ቀን ሌላዋ በየስድስት ቀን ከመጡ የሚገናኙት በስድስተኛው ቀን ነው፣ ማን አሥራ ስምንት ድረስ ይጠብቃል? አባዬ ግን አባዛ። ትልቅ መዘውር አገኘ፣ ደስ አለው፣ አባዛው። አምስቱን ካባዙ ሠላሳ አምስት ሚሊዮን ነው። የሚገናኙት ግን በዚያ ቁጥር አንድ ሃያ ሦስተኛ፣ በየ1,530,098 ደቂቃው ነው። ከአልጋዬ ወርጄ መሬት ላይ ተቀምጬ አሰላሁት። አንድ ሺህ ስልሳ ሁለት ቀን፣ ከአሥራ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሦስት ዓመት እንኳን አይሞላም።

እና ያ በር በነዚህ ሠላሳ አምስት ዓመታት አሥራ አንድ ጊዜ ተከፍቷል ማለት ነው። እኔ ተኝቼ፣ ትምህርት ቤት ሆኜ፣ ሱቅ ውዬ።

አባዬ ያስነሳበት ቀን ከቁጥሩ ሥር ተቀርጿል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይላል። በጣቴም በወረቀትም ቆጠርኩ። አሥራ ሁለተኛው የሚውለው የፊታችን ረቡዕ፣ 18፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ነው። ዛሬ ስንት ነው፣ ዛሬ ስንት ነው! ጃጅታ አይደለም። ስትጠብቅ ነው የኖረችው። እኔ ደነዝ ጮህኩባት።

በባዶ እግሬ ሮጬ ገባሁ። ነቅታ ነበር። እማዬ፣ በሩን አውቄዋለሁ፣ ረቡዕ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት እንደርሳለን አልኳት። ደረሰኙን ተቀብላ አየችው። ከኔ ያልጠበቀችው ነገር እንዳልሆነ ፊቷ ያስታውቃል። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

"ረቡዕ አይደለም። ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት።"

ተሳስተሻል ልላት ስል ቆጠርኩት። ከረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ከሠላሳ ስድስት። ሃያ ስድስት ሰዓት።

ሱቅ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

እሑድ 15

ሱቁን አልከፈትኩም። ዝናቡ ውስጥ እስክበሰብስ ዞርኩ። ሰኞ ከአሥር ሰዓት እስከ ማክሰኞ አሥራ ሁለት። ስንት ነው ብዬ ደጋግሜ ቆጠርኩት፣ ሌላ እንዲሆንልኝ። ሃያ ስድስት ነው።

ከምሳ በኋላ ገብቼ ነገርኳት። አቁሜው ነበር፣ እንብርቷን ሰበርኩ፣ ዋሸሁሽ። አልቅሼም ነበር መሰለኝ።

"አውቃለሁ" አለች። "ትቻቸው የሄድኩት ነጥቦች ቦታቸው አልነበሩም። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።"

እንደዚህ ታመሽ? ብላት፣ እኔ በምን ፊት ልጄን ሌባ ልበል አለችኝ። አርባ ቀን ሙሉ እኔ በሷ ዝምታ ስናደድ፣ እሷ የኔን ስትሸከም።

ስለ 46ቱ የዚያኑ ዕለት ነው ያወቀችው፣ አባዬ ገና ሰቅሎ ሳይጨርስ። ዳንቴል ሠሪ ናት። የሃያ ሦስት ቋጠሮ አበባና የአርባ ስድስት ቋጠሮ አበባ ጎን ለጎን ከጀመርሽ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚያልቁት፣ ይሄ ምን ማስላት ይፈልጋል አለችኝ። ለምን አልነገርሽውም አልኳት። በደስታ ቤቱን ሲዞረው ብታይው አንቺም አትነግሪውም ነበር አለች። የመጀመሪያው ጊዜ በሩ ሲከፈት ብቻዋን ነበረች። አባዬ ውስጡ ያስቀመጠው አንዲት ወረቀት ነበር። ቁጥሩ፣ ከሥሩም "ይህን ያህል ደቂቃ አብረን" የሚል።

ስልሳ ሰባት ዓመት ሊሰጣት አስቦ ነበር። ሃያ ሰባቱን ሰጥቷት ሞተ።

ወረቀቷን መልሳ አስቀመጠቻት፣ የራሷንም አንድ መስመር በሌላ ወረቀት ጽፋ ጨመረች። ከዚያ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ መስመር። እሱ በትልቁ ቀን ሲከፍተው እንዲያነብ። ከሞተ በኋላስ ብላት፣ ከጀመርኩ አይቀር አለች።

ሳጥኑን በእጅ ማስኬድ እንደሚቻል ነገርኳት። ከጀርባው ያለችውን ምላስ አንድ ጊዜ ስጫናት አምስቱም አንድ ጥርስ ይሄዳሉ። ፊቷ ተለወጠ፣ አባትሽ ያልሰጠኝን ደቂቃ ሰርቀሽ ልትሰጪኝ ነው? አለች። ስርቆት አይደለም አልኩ። እኔ ያስቀረሁበትን 1,560 ደቂቃ ነው የምመልስለት፣ አንድም አልጨምርም። አሰበችው። ኪሮሿን አነሳች።

እኔ ተጫንኩ፣ እሷ ቆጠረች። በየሃያ ሦስቱ አንድ ቋጠሮ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ዝናቡ በጣሪያው፣ ነጥቦቹ በየመስኮቱ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ክፍሉ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚሄድ ባቡር መሰለኝ። ያ ሰኞና ያ ማክሰኞ በእጄ ሥር አለፉ። ስልሳ ሰባት ቋጠሮ ላይ ስንደርስ እጇን አነሳች፣ አሥራ ዘጠኝ ቀረሽ አለች። የመጨረሻዎቹን አሥራ ዘጠኝ አብረን ጮክ ብለን ቆጠርን።

ረቡዕ 18

እትዬ ትናንት መጥታለች። ነገሩን ስነግራት ሁለታችሁም ጃጅታችኋል አለች፣ ግን ዘጠኝ ተኩል ላይ እሷ ናት ቀድማ ወንበር ያመጣችው።

ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት። ቀልባቢት ባዶ፣ እመቤት ባዶ። እማዬ እጄን ጨብጣለች። ከዚያ ቀጭ አለና አምስቱም ነጭ ሆኑ፣ በአንድ ጊዜ፣ ዓይን እንደሚገለጥ። በሯ ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተች። ውስጧ የተጣጠፉ ወረቀቶች፣ አንዷ ቢጫ ሆናለች። እማዬ መነሳት አልቻለችም። ወረቀቷን ሰጠችኝ፣ እንዳታነቢ አለች፣ የሱ ናቸው። አላነበብኩም። ከሌሎቹ ላይ አስቀመጥኩ። የእንጨት ሽታ መጣ፣ የሱቁ ሽታ፣ የአባዬ እጅ። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቀጭ። ተዘጋ።

"በሉ ሻንጣዬን አዘጋጁልኝ" አለች እማዬ።

ሐሙስ 19

ገባች። የመሙያውን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ አንገቴ ላይ አደረገችው። አደራ እንኳን አላለችኝም።

ዓርብ 20

ሁለት ሰዓት። ወሰዷት።

አምስት ሰዓት። ወሬ የለም።

ሰባት። እትዬ ታወራለች፣ አልሰማም። አርባ ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ። አርባ ቀን በልቧ ላይ።

ዘጠኝ ከሩብ። ሐኪሙ መጣ። መዝጊያዋ በደንብ ትዘጋለች አለ። ግን አልነቃችም። ዕድሜዋ፣ መዘግየቷ፣ እናያለን አለ።

ማታም አልነቃችም።

ቅዳሜ 21

ጠዋት። ሳጥኑን ሞልቼ መጣሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ቁልፉን ጨብጬ ቁጥሩን ስል ነበር፣ አባዬ ለእኔ እንደሚለው፣ በሹክሹክታ። ሠላሳ አምስት ሚሊዮን፣ አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ። ሺው ጋ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ድምፅ ደረቅ ነበር፣ ወረቀት እንደሚታሽ።

"ዛሬ ስንት ነው?"

ሃያ አንድ አልኳት፣ ቅዳሜ። ለበሩ አንድ ሺህ ሃምሳ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፣ እማዬ።

"ሰዓቱስ?"

ሦስት ሰዓት።

ዓይኗን ጨፈነች። ተመልሳ የተኛች መሰለኝ። ከናፍሯ ግን ይንቀሳቀሱ ነበር፣ ዳንቴል ስትቆጥር እንደሚንቀሳቀሱት።

"ከሃያ ሰዓትም" አለች።